ጠቅልዬ የሰጠሁት ፋሻ

ገመቹ የጻፈልኝን ደብዳቤ ሳላነበው ሁለት ዓመት ከአምስት ወር አስቀመጥኩት። ንቄው አይደለም። ማንበብ ስለማልችል ነው።

ይህን መናገር ያሳፍረኛል። ግን ይህን ካልተናገርኩ የቀረው ሁሉ አይገባችሁም፤ እንዴት አንዲት ሴት በገዛ እጇ የምትወደውን ሰው ጠቅልላ እንደምትሸኝ አይገባችሁም።

ከልጄ ከልዩ ጋር የምንኖረው ዳላስ አጠገብ ዩለስ በምትባል ከተማ ነው፣ አውሮፕላኖቹ ጣሪያችንን ሊነኩ በሚደርሱበት ሰፈር። ባሌ ይርጉ የዲቪ ሎተሪ ደርሶት ይዞን አሜሪካ መጣ። በሁለተኛው ዓመት ለሥራ ብሎ ወደ ሚኒሶታ ሄደና እዚያው ሌላ ትዳር ያዘ። እኔ ኤርፖርት አውሮፕላን አጸዳለሁ። ልዩ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት በትምህርት ቤቷ ባስ ውስጥ ልጆች ፀጉሯን እየጎተቱ ያስለቅሷት ጀመር። ማታ ትራሷ ረጥቦ አገኘዋለሁ። ለማን አቤት እንደሚባል አላውቅም ነበር። የሥራ ጓደኛዬ ዙሌይካ ናት፣ “ቦክስ አስተምሪያት እቴ! ጎማ ቤቱ አጠገብ ጂም አለ፤ አሰልጣኙም አበሻ ነው” ያለችኝ።

ጂሙ ግማሹ ሪንግ፣ ግማሹ ፍራሽ ነው። በአንዱ ጥግ ሕፃናት ነጭ ለብሰው ቴኳንዶ እያሉ ይጮኻሉ። በሌላው ጥግ ትልልቅ ሰዎች ጁጂትሱ እያሉ መሬት ላይ ተናንቀው ይንከባለላሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ገላጋይ የጠፋ መስሎኝ ልጄን እጇን ይዤ ልወጣ ነበር።

በሩ ላይ ያስቆመኝ ገመቹ ነው። አፍንጫው ትንሽ ጠመም ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ግን ዝግ ያለ ሰው። አዳማ የስፖርት መምህር ነበር፤ ለክለብም ቦክስ ተጫውቷል። ጠዋት እሱም እንደ እኔ ኤርፖርት ይሠራል፣ ሻንጣ ይጭናል። ከሰዓት በኋላ ቦክስ ያስተምራል።

“የልዩ እናት፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ” አለኝ። “ልጅሽ ብትጎዳ ጂሙ አይጠየቅም ነው የሚለው።”

“ትጎዳለች እንዴ?”

“ወረቀቱ ነው ያለው፤ እኔ አላልኩም።”

“እስቲ አንተ አንብበህ ንገረኝ። መነጽሬን ረስቼ ነው የመጣሁት።”

መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ይህቺን ውሸት ባንክም፣ ሐኪም ቤትም፣ የቤት ኪራይ ቢሮም ተናግሬያታለሁ። እሱ ግን አጠገቤ ተቀመጠና ሦስቱንም ገጽ፣ አንድ መስመር ሳይዘል፣ በአማርኛ እየለወጠ አነበበልኝ። ሰው ለእኔ ብሎ ይህን ያህል ጊዜ ወስዶ አያውቅም። ከወረቀቱ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እኔ ነኝ ቀድሜ ያቀረቀርኩት።

ከጂሙ ባለቤት ከሚስተር ሬይ ጋር ልዩ በነጻ እንድትማር፣ እኔ ደግሞ ጂሙን እንዳጸዳና ፋሻ እንዳጥብ ተስማማን። ቦክሰኞች ጓንት ከማጥለቃቸው በፊት እጃቸውን የሚያስሩበት ረጅም የጨርቅ ፋሻ አላቸው። ላብ ይጠጣል። ታጥቦ ሲደርቅ እርስ በርሱ ይተበተባል። አጥብቀው ካልጠቀለሉት ደግሞ እጅ ላይ በደንብ አያርፍም። አጠቃለሉን ያሳየኝ ገመቹ ነው። “ከሚጣበቀው ጫፍ ጀምሪ፤ የአውራ ጣቱ ቀለበት መጨረሻ ላይ ከውጭ ይቅር። ሳብ አድርጊው፣ አትፍሪው” እያለ ጣቴን በጣቱ ያዘ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። እንደ ልጅ ልቤ ዘለለ።

የሌላውን ሁሉ ፋሻ ማሽን ውስጥ እከታለሁ። የእሱን ቀይ ጥንድ ግን ቤት ወስጄ በእጄ ነበር የማጥበው። አድርቄ፣ በመዳፌ አለስልሼ፣ ሁለቱንም እኩል አድርጌ ጠቅልዬ ቦርሳው ውስጥ እከትለታለሁ። በአፌ ያልነገርኩትን ሁሉ በዚያ ነበር የምነግረው። ሌላ መናገሪያ አልነበረኝም።

በእንቁጣጣሽ ዋይሊ የምትባል ከተማ ወደሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ቤት ይዞን ሄደ። ወንድሙ ፋርማሲስት ነው፤ ሚስቱም የተማረች ናት። ቤታቸው አዲስ፣ ግድግዳው መጽሐፍ በመጽሐፍ። ምሳ ላይ ሚስትየው፣ “ትምህርት እስከ ስንት ደረስሽ ዓለምሸት?” አለችኝ።

“ስምንተኛ” አልኩ። አንደኛም አልገባሁም። በሰባት ዓመቴ ነው ሰው ቤት የተቀጠርኩት።

ከዚያ አዳማ ካለችው እናታቸው የመጣ ደብዳቤ አወጣች። “እስቲ አንቺ አንብቢልን፣ ድምፅሽ ደስ ይላል።”

ጠረጴዛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። “መነጽሬን...” አልኩ። ገመቹ እጁን ዘርግቶ ደብዳቤውን ወሰደና አነበበ፤ እያነበበም አንድ ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ያወቀብኝ መሰለኝ።

አላወቀም። በሳምንቱ የንባብ መነጽር ገዝቶ መጣ። “ሁልጊዜ ከምትረሺው አንዱ እዚህ ይቀመጥ” ብሎ በገዛ እጁ ዓይኔ ላይ አደረገልኝ። ዓይኔ ደኅና ስለነበር ወለሉ ወደ ላይ መጣብኝ፣ የእሱም ፊት ጉም ለበሰ። እሱን ደስ እንዲለው ብዬ ግን አድርጌው ዋልኩ። ላየው ስፈልግ ከመነጽሩ በላይ አሾልኬ አያለሁ።

“ምነው ከላይ ከላይ ታያለሽ?” ይለኛል እየሳቀ።

“አንተ ቁመትህ ረዥም ስለሆነ ነው።”

እንዲህ እየሳቅን፣ እንዲህ እየተያየን፣ አንዳችን ለሌላችን ሳንናገር ከረምን። ሁለት ሦስቴ ሊናገር ሲል እኔ ወሬ ለውጫለሁ። የተማረ ሰው ነው፤ ሲጠጋኝ ባዶነቴን ያየዋል ብዬ ፈራሁ።

በኅዳር፣ አንድ ሐሙስ፣ ቀዩን ፋሻ ሲሰጠኝ ከመሃሉ የታጠፈ ወረቀት አለበት። “መነጽርሽን አድርገሽ አንብቢው” አለኝ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። “መልሱን ቅዳሜ አያለሁ።”

ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ቤት ገባሁ። ፈታሁት። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ ጥቅጥቅ ያለ። ዓይኔን ተከልኩበት፤ አንድም ፊደል አላናገረኝም። ልዩ እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ አታነብም። ዙሌይካ ታነባለች፤ ወዳጄ ናት፤ ግን ለእሷ የተነገረ ነገር ሳምንት ሳይሞላው ዳላስን ይዞራል። ደግሞስ ምን ልበላት? የምወደው ሰው ጽፎልኝ ማንበብ አቃተኝ?

ፍቅር መሆኑን ልቤ ያውቅ ነበር። ቅዳሜ በአፉ ይጠይቀኛል፣ ያኔ በአፌ እመልሳለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አርብ ከሥራ ስመለስ ቀዩን ፋሻ አጠብኩ። ተኮስኩት፤ ፋሻ ተኩሼ አላውቅም ነበር። ሳብ አድርጌ፣ ጫፉን ከጫፉ አስተካክዬ፣ ከዚያ በፊት ጠቅልዬ በማላውቀው ጥንቃቄ ጠቀለልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳውን ከፍቶ ሁለቱን ጥቅል አወጣ። ለረጅም ጊዜ አያቸው።

“በደንብ ጠቅልለሻቸዋል” አለ።

“ልብህ እንዲያርፍ ብዬ ነው” አልኩት።

“አነበብሽው?”

መነጽሩን ወደ አፍንጫዬ ገፋ አደረግሁ። “አንብቤዋለሁ” አልኩ።

“ገባኝ። አመሰግናለሁ ዓለም።”

ሌላ ነገር ይላል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አላለም። ልዩን ጠርቶ ሁለቱን ቀይ ጥቅል መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። “አሁን ለእጅሽ ይረዝማል። ስታድጊ” አላት። ሰኞ ጂም ስንሄድ ሚስተር ሬይ ገመቹ ወደ ሲያትል መሄዱን ነገረን።

ደብዳቤው የስንብት ነበር ማለት ነው አልኩ። እንደዚያ ብዬ ነው ሁለት ዓመት ከአምስት ወር የኖርኩት። ስልክ ቁጥሩን ከሚስተር ሬይ ብጠይቅ አገኝ ነበር። የተሰናበተኝን ሰው ምን ብዬ ልጥራው?

ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ እዚህ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ ያስተምራሉ። ልዩን አደርሳለሁ እያልኩ ከኋላ መቀመጥ ጀመርኩ። መምህርቷ ወይዘሮ ውባለም አንድ ቀን ምንም ሳይሉ ደብተርና እርሳስ ፊቴ አኖሩልኝ። በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ እየደረሰ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ሀ ሁ ብዬ ጀመርኩ። በዓመቱ ልዩ፣ “ማሚ፣ አንቺ ከኔ በለጥሽ፣ ሶ እኔ ኩዊት አደርጋለሁ፣ ኦኬ?” ብላ ቀረች። እኔ ቀጠልኩ። ለምን እንደምማር ለማንም አልተናገርኩም። ለአንድ ወረቀት ነበር።

በ2009 ሚያዝያ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ደብዳቤውን አወጣሁ። ፀሐይ ነበር። ጣቴን ከፊደል ፊደል እየጎተትኩ፣ እንደ ሕፃን ድምፅ እያወጣሁ፣ እንዲህ አነበብኩ።

“ዓለም፣

ፊት ለፊት ምላሴ ስለሚተሳሰር ጻፍኩልሽ። ሲያትል ያለ ጂም አሰልጣኝ ሁንልን ብሎኛል። ሰኞ እንድደርስ ይፈልጋሉ። ወንድሜ ሂድ ይለኛል። እኔ ግን ቃሉን የምሰማው ካንቺ ነው። እወድሻለሁ። ልዩንም እንደ ልጄ።

እምቢ ማለት እንዳይከብድሽ እንዲህ አድርጊ። ሂድ ካልሽኝ ቀዩን ፋሻ እንደ ሁልጊዜው ጠቅልለሽ ስጪኝ። ይገባኛል፤ ሁለተኛ አላነሳብሽም። ቅር ካልሽኝ ግን አትጠቅልይው። እንደተዝረከረከ ስጪኝ። እንደዚያ ካየሁት የትም አልሄድም።

ገመቹ”

ሁለተኛ አነበብኩት። የተሳሳትኩ መስሎኝ፣ ገና ተማሪ ነኝና ፊደል የሳትኩ መስሎኝ፣ ሦስተኛ አነበብኩት። አልተሳሳትኩም። ከዚያ እጆቼን አየሁ። መሪው ላይ ነበሩ። ቢቆረጡልኝ ደስ ባለኝ።

ሰኞ ጠዋት የአውሮፕላን ወንበር ኪስ ውስጥ ቆሻሻ እየለቀምን ለዙሌይካ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር ምን ቀረኝ?

እጇ ላይ የነበረውን ጋዜጣ ጣለችው። “አንቺ ሴትዮ! ሰውየው ቅርልኝ በይኝ ሲልሽ ተኩሰሽ ሰጠሽው?”

“ተኩሼ ሰጠሁት።”

“ያ ረቢ! ምነው ያኔ ለእኔ ብታሳዪኝ?”

“አንቺ ለዳላስ ሁሉ ታነቢው ነበራ።”

“ላንብበው! ዳላስ ሁሉ ቢሰማ አንዱ ይነግርሽ አልነበር፣ ‘ፋሻውን አትጠቅልይ’ ብሎ?”

ሳቅን። ከዚያ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሱፐርቫይዘሯ መጥታ ምን ሆነች ስትል ዙሌይካ፣ “አለርጂ ነው” አለቻት፤ እኔን ደግሞ በጆሮዬ፣ “ሳይውል ሳያድር ንገሪው” አለችኝ።

መንገሪያውም ሳልፈልገው መጣ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ፎርት ዎርዝ የአማተር ቦክስ ውድድር ነበር። ልዩ የመጀመሪያ ግጥሚያዋን ትጫወታለች። “ማሚ፣ ጌስ ዋት፤ ኮች ገሜም የሚያሰለጥናቸውን ልጆች ይዞ ከሲያትል እየመጣ ነው፣ ሚስተር ሬይ ነገረን” አለችኝ እየዘለለች።

አርብ ከሰዓት በኋላ የልዩን መሳቢያ ከፈትኩ። ሁለቱ ቀይ ጥቅል እዚያው አሉ። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ማንም አልፈታቸውም። እኔ እንደጠቀለልኳቸው፣ ጫፋቸው ከጫፋቸው እንደተስተካከለ። አንዱን መፍታት ስጀምር ልዩ ገባች።

“ማሚ፣ ኖ! እሱ እንደሰጠኝ ነው ያስቀመጥኩት!”

“አውቃለሁ ልጄ። መመለስ ስላለብኝ ነው።” እንድትቀመጥ ነገርኳት። “ያኔ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። ማንበብ አልችልም ነበር፣ ልዩዬ። እናትሽ ፊደል አታውቅም ነበር።”

እጄን ያዘችኝ። “አይ ኖው፣ ማሚ።”

“ምኑን ነው የምታውቂው?”

“ድሮም አውቅ ነበር። የስኩል ወረቀት ሳመጣልሽ ሳታይው ‘ፍሪጁ ላይ ለጥፊው’ ትይኝ ነበር። መነጽር አድርገሽም ከላይ ከላይ ነበር የምታዪው። ማለቴ... እንዳታፍሪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።”

ከእሷ ስሸሽግ፣ እሷ እኔን እየሸፈነችኝ ኖራለች። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩ። አራት መስመር ነው። አራት ጊዜ ቀድጄ በአምስተኛው ነው የሆነልኝ። ከዚያ ሁለቱን ፋሻ ፈትቼ፣ እንደተዝረከረኩ፣ ደብዳቤውን መሃላቸው ከትቼ በፌስታል ያዝኩ። ውሸት አልናገርም፤ ተስፋ አድርጌ ነበር። ቢያንስ አባረረችኝ ብሎ እንዳይኖር ነው እያልኩ ራሴን ባታልልም፣ ቀሚስ መርጫለሁ።

ልዩ ከጓደኞቿ ጋር በሚስተር ሬይ መኪና ሄደች። እኔ ደርሼ አዳራሹ ስገባ ሰው ሞልቷል። የልዩ ስም ሲጠራ ግን እንደልማዴ ወጣሁ። ልጄ ስትመታ ማየት ችዬ አላውቅም፤ ያኔም ልምምድ ስታደርግ ውጭ ነበር የምጠብቃት። በኮሪደሩ፣ የውኃ መጠጫው አጠገብ፣ ጆሮዬን በእጄ ይዤ ቆምኩ።

“ዛሬም ውጭ ነሽ?”

ዞርኩ። ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ድምፁ ያው ነው።

“የት እንዳለሁ በምን አወቅህ?”

“የልዩ ስም ሲጠራ በሩን ነው ያየሁት።” ፈገግ አለ። “እንዴት ነሽ ዓለም?”

“ደኅና ነኝ። ሲያትል እንዴት ነው?”

“ዝናብ ነው።” ፊቴን አየው፣ የጎደለውን ፈለገ። “መነጽርሽስ?”

የሁለት ዓመት ከአምስት ወር ጥያቄ ነበር። ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር፤ ቤት ረሳሁት ለማለት ምላሴ ለምዶታል።

“ዓይኔ ደኅና ነው ገሜ። ድሮም ደኅና ነበር።”

አልገባውም። ፌስታሉን ሰጠሁት። እጁን ሲከት ቀዩ ፋሻ እየተተረተረ ወጥቶ እስከ ወለሉ ወረደ። ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ ወረቀቱን አገኘና ከፈተው። የእኔ ፊደል ትልልቅ ነው፤ ከቆምኩበት ይነበብ ነበር።

“ገመቹ። ደብዳቤህን እሑድ አነበብኩት። ያን ጊዜ ፊደል አላውቅም ነበር። የጠቀለልኩት ስለምወድህ ነው። ዓለምሸት።”

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ደገመው። ከአዳራሹ ጩኸት መጣ፤ ልጄ እየመታች ይሁን እየተመታች አላውቅም።

“እኔ እኮ...” አለ። ግድግዳውን ተደገፈ። “ያን ቀን መኪናዬን አስነስቼ አንድ ሰዓት በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ትወጣና ‘ተሳስቼ ነው’ ትለኛለች ብዬ።”

“ውስጥ ሆኜ ፍራሽ እየወለወልኩ ነበር። ተመልሰህ ትገባለህ ብዬ።”

“አንድ ጥያቄ ብጠይቅሽ ኖሮ። በአፌ።”

“እኔ ብነግርህ ኖሮ።”

“እኔ እኮ አነብልሽ ነበር፣ ዓለም።” ወረቀቱን አጠፈው። “የራሴንም ደብዳቤ ቢሆን ቁጭ ብዬ አነብልሽ ነበር።”

እንደሚያነብልኝ አውቃለሁ። ሦስት ገጽ፣ አንድ መስመር ሳይዘል። እጁን ዘረጋ፤ እኔም ዘረጋሁ። ሳንነካካ የኮሪደሩ በር ተከፈተ።

“ገሜ! ልጆቹ እየጠሩህ ነው፤ ጓንት ልታስርላቸው አይደል እንዴ?”

ወጣት ሴት ናት። ቆንጆ። የሐኪም ቤት ሠራተኛ ነጭ ጫማ አድርጋለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ስድስት ወር፣ ምናልባት ሰባት። እኔን ስታይ ጎንበስ አለች።

“ሮሆቦት ትባላለች” አለ ገመቹ፤ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። “ባለቤቴ ናት። እሷ ደግሞ... የልዩ እናት ናት።”

“ውይ፣ የልዩ እናት! ሁልጊዜ ነው ስለ ልዩ የሚያወራኝ። ደኅና ነዎት እትዬ?” እጄን በሁለት እጇ ያዘች። እጇ ሞቃት ነው። ልጠላት ፈለግሁ፤ አቃተኝ። ከባሏ በዓመት እንኳ የማልበልጠውን እኔን እትዬ ብላ አንቱ ስትለኝ ያኔ ነው ነገሩ ያለቀ መሆኑን ያወቅሁት።

“እግዚአብሔር ይመስገን። በሰላም ይገላግልሽ” አልኳት። ከልቤ ነበር። እንዴት ከልቤ እንደሆነ እኔም አይገባኝም።

“አሁን መጣሁ፣ አንዴ” አላት። እሷ ገባች። በሩ ተዘጋ።

ገመቹ ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ፋሻውን ለቀመ። አንዱን ያዘ። ከሚጣበቀው ጫፍ ጀመረ። ሳብ እያደረገ፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያስተካከለ፣ ቀስ ብሎ መጠቅለል ያዘ። ምን እያለኝ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ የሰጠኝ ፊደል ነው፤ አሁን ማንበብ እችላለሁ። ፊቱ ላይ እንባው ሲወርድ እንኳ እጁ አልቆመም። የአውራ ጣቱን ቀለበት ከውጭ አስቀርቶ ጨረሰና መዳፌ ላይ አኖረው።

ሁለተኛውን አነሳ። ጫፉን ያዘ። አንድ ዙር ጠቀለለ። ከዚያ ጣቶቹ እምቢ አሉት። የጠቀለለውን መልሶ ፈታው፤ እንደተዝረከረከ ጨበጠው፤ ከእኔ ደብዳቤ ጋር ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ወደ አዳራሹ ገባ። እኔም ስሙን አልጠራሁም።

ትንሽ ቆይቶ ልዩ መጣች። ከንፈሯ አብጧል፣ አንድ ዓይኗ ቀልቷል። በዚያ ቀን ለእሷ መፍራት እንኳ አቅቶኛል።

“ተሸነፍኩ፣ ማሚ።”

“ነይ” አልኳት። አቀፍኳት። ላቧ ላቤ ሆነ።

“ኮች ገሜ አየኝ?”

“አላየሽም። እኔ ጋ ነበር።”

ቀና ብላ ፊቴን አየችው። ምንም አልጠየቀችም፤ እንደ ሁልጊዜው ሸፈነችኝ። ከዚያ መዳፌ ውስጥ ያለውን አየች። “አንዱስ?”

“እሱ ጋ ቀረ።”

ጥቅሉን ከእጄ ወሰደችው። በአንድ ፋሻ ምንም አይሠራም፤ አንድ እጅ ብቻ ነው የሚያስር። እንባዬን ልትጠርግልኝ ፈልጋ ነው መሰለኝ ጫፉን በጥፍሯ መፈልፈል ጀመረች።

“አትፍቺው ልጄ” አልኳት። “እሱ ነው የጠቀለለው።”